64 ጂቢ ስልኬ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፦ ቦታውን የበላው ማን ነው?

ይህን ስልክ የገዛሁት መስከረም ላይ ነው፤ አሁን ነሐሴ ገብቷል። 64 ጂቢ ስቶሬጅ፣ 4 ጂቢ ራም። ብራንዱን አልጠራም፤ ችግሩ የሱ ብቻ ስላልሆነ። ባትሪው ጥሩ ነው፤ ጠዋት ሞልቼው ማታ ሱቅ እስክዘጋ ያደርሰኛል። ካሜራው ቀን ቀን ጎበዝ ነው፣ ማታ ማታ ይደክማል። ስለነዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የማወራችሁ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስላደረቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ቦታ ሞላ፣ ቦታ የለም፣ አጥፊ።

ሥራዬን ካልነገርኳችሁ ግን ነገሩ አይገባችሁም። ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ደንበኛ ይገባል፣ “እህቴ፣ በቴሌግራም ልላክልሽ?” ይላል፣ ላክ እላለሁ። ፋይዳ፣ ሲቪ፣ የልደት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውል። ግንቦትና ሰኔ ሲሆን ደግሞ የተመራቂዎች ጥናት ይመጣል፤ አንዱ ብቻ መቶ ምናምን ገጽ ነው፣ ያውም ከነፎቶው። መምህሩ አርሞ ሲመልሰው እንደገና ይላካል፣ “ፋይናል” ተብሎ። ከዚያ “ፋይናል ፋይናል”። ሁሉም ስልኬ ውስጥ ይገባል። ገብቶ ደግሞ አይወጣም።

ጥር ላይ ነው የፈነዳው። አንዲት እናት ለልጃቸው ሰባት ገጽ አሳትመው፣ በስልክ ከፍለው፣ “ገባልሽ?” ይሉኛል። የክፍያ አፑን ስከፍት መጀመሪያ አዘምኚ ይላል። ላዘምን ስል በቂ ቦታ የለም ይላል። እሳቸው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሦስት ሰው ቆሟል። አንገታቸውን ወደ ስልኬ ዘንበል አድርገው አዩና “ልጄ፣ ስልክሽ ጠግቧል እኮ” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለነገሩ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ምልክት ነበረው፤ ኪቦርዱ ፊደል ስነካ ቆይቶ ነበር የሚጽፈው፣ ካሜራው ሲከፈት ሻይ የሚያስፈላ ያህል ያስጠብቅ ነበር። ስልክ አፍ አፉ ድረስ ሲሞላ ለጊዜያዊ ፋይል መተንፈሻ ስለማያገኝ ይንቀራፈፋል። እኔ ግን ራም አነሰው ብዬ ነበር።

የዚያን ቀን ማታ ሴቲንግ ገብቼ ስቶሬጅ የሚለውን ከፈትኩ። ቴሌግራም 19 ጂቢ። ሲስተም 17። ሌሎች አፖች 9፣ ፎቶና ቪዲዮ 8፣ ዋትሳፕ 7፣ ዳውንሎድ 3። ደምሩት፣ 63 ነው። ሲስተሙ 17 መሆኑ አናደደኝ፤ በኋላ ሳጣራ ግን ከፊሉ የቁጥር ጉዳይ ነው። ፋብሪካው 64 ቢሊዮን ባይት ብሎ ይሸጣል፤ ያው መጠን በ1024 እየተካፈለ ሲቆጠር 59.6 ገደማ ነው። የኔ ስልክ ልዩነቱን ሲስተም ላይ ጨምሮ ያሳያል። የቀረው አንድሮይዱ ራሱና ከፋብሪካ ተጭነው የመጡ፣ ጠርቼያቸው የማላውቅ አፖች ናቸው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 64 ቢጻፍም፣ ገና ፕላስቲኩን ስልጥለት በእጄ የነበረው 47 ነው።

አሁን ሞኝነቴን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያጠፋሁት የራሴን ነገር ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ ሄደን ያነሳኋቸውን ፎቶዎች፣ ሐይቁ ዳር የተቀረጹትን፣ እህቴ እየሳቀች አጥንት ስትለቅም ያለችበትን። ወደ ስልሳ ፎቶ አጥፍቼ ያገኘሁት 200 ሜባ አይሞላም። ሁለት ተመራቂዎች በአንድ ቀን የሚልኩልኝ ማለት ነው። የራሴን ትዝታ ጥዬ የማላውቀውን ሰው ሲቪ አቅፌ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ የእህቴ ባል መላ አለኝ ብሎ የ“ክሊነር” አፕ ጫነልኝ። አንዴ ሲነኩት ክብ ነገር እየዞረ “2 ጂቢ ቆሻሻ ተወገደ” ይላል፤ ከዚያ ሙሉ ስክሪን ማስታወቂያ። ሴቲንግ ገብቼ ሳይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ቢለወጥም ለአንድ ቀን ነው፤ የሚጠርገው የአፖችን ካሽ ስለሆነ፣ አፑን መልሳችሁ ስትከፍቱት ካሹም ተመልሶ ይመጣል። (ካሽ ስል ብር አይደለም፤ አፑ ቶሎ እንዲከፈትለት የሚያስቀምጠው ጊዜያዊ ፋይል ነው። ብሩ ቢሆንማ ማን ያጠፋዋል።) ሦስተኛው ቀን ላይ አራገፍኩት።

ሚሞሪ ካርዱ ደግሞ ያማል። አንድ ሱቅ 128 ጂቢ የተባለ ካርድ በማይታመን ዋጋ አገኘሁ። በማይታመን ዋጋ ስል ማመን አልነበረብኝም። ከተትኩት፣ ስልኩ 128 ብሎ አነበበው፣ ደስ አለኝ፣ ፎቶውን ሁሉ ወደሱ አዛወርኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ የእህቴን ልጅ ክርስትና ፎቶ ለእናቴ ላሳይ ስከፍት፣ ላይኛው ግማሽ አለ፣ የቄሱ ጥላና የጥላው ዘርፍ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከዚያ በታች ያለው ግን ግራጫ ነው። ሕፃኑ ያለበት ቦታ ማለት ነው። ቀጣዩም ግራጫ። የቀጣዩ ቀጣይ ጭራሽ አይከፈትም።

ሱቅ ኮምፒውተሩ ላይ ኤችቱቴስትደብልዩ በምትባል ነፃ የዊንዶውስ ፕሮግራም ፈተሽኩት። ፕሮግራሟ ካርዱን በፋይል ሞልታ መልሳ ታነባለች፤ የገባው ካልወጣ ትነግራችኋለች። የኔው እውነተኛ አቅም 8 ጂቢ አልሞላም። እንዲህ ያለ ካርድ ትልቅ መስሎ እንዲነበብ ተነካክቶ የተሠራ ነው፤ እውነተኛው ቦታ ሲያልቅ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ ይደርባል ወይም ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ተቀብያለሁ እያለ። ካርድ የምትገዙ ከሆነ ፎቶ ሳታስገቡበት መጀመሪያ ፈትሹ፤ ለ128 ጂቢ ሰዓታት ይወስዳል፣ ይውሰድ። በኋላ ከሌላ ሱቅ ትክክለኛ 32 ጂቢ ገዛሁ፤ እስካሁን አላስቸገረኝም። ግን ካርድ ተዓምር አይሠራም። ፎቶ፣ ሙዚቃ፣ መዝሙር ያስቀምጣል፤ ብዙዎቹ አፖች ግን ወይ አይዛወሩም ወይ ከነሸክማቸው እዚያው ስልኩ ላይ ይቀራሉ።

የረዳኝ ነገር መጀመሪያ ከጉግል የሆነው ፋይልስ የሚባለው አፕ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ፋይልስ ጎ ተብሎ የወጣው ነው፤ በዓመቱ ስሙ ተለወጠ። ነፃ ነው፣ ብዙ ስልክ ላይም ተጭኖ ይመጣል፤ የኔው ላይ ነበረ፣ ለአራት ወር አላየሁትም። “ክሊን” የሚለውን ስትነኩ ተደጋጋሚ ፋይል፣ ትልልቅ ፋይል፣ የቆየ ስክሪንሾት፣ የማትጠቀሙበት አፕ እያለ ለየብቻ ያወጣላችኋል። ተደጋጋሚ በሚለው ሥር አንድ የልደት ካርድ ሰባት ጊዜ አገኘሁ። ልጁ አንዴ ነው የተወለደው። የሚወደድለት ነገር ዝም ብሎ አያጠፋም፤ አሳይቶ ይጠይቃል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያጠፋችሁት መጀመሪያ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ 30 ቀን ይቆያል። ቅርጫቱ ባዶ እስኪሆን ቦታው አልተለቀቀም። እኔ 3 ጂቢ አጥፍቼ ቁጥሩ ንቅንቅ ባለማለቱ ስልኩን ልወረውረው ነበር።

ዋናው ግን ቴሌግራም ነው። 19 ጂቢ እኮ ነው። ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ። እዚያ ቪዲዮው ስንት፣ ፎቶው ስንት፣ ሰነዱ ስንት እንደሆነ በክብ ሥዕል ያሳያችኋል፤ ከታች የትኛው ቻናል ምን ያህል እንደበላ በስም ይዘረዝራል። ሰነዱ ይሆናል ብዬ ነበር፣ ደንበኞቼን ስወቅስ ከርሜ። ሰነዱ 5 ጂቢ ነው። የቀረውን የበሉት ቻናሎች ናቸው፣ አንዴ ከፍቼ የረሳኋቸው የቀልድና የፊልም ቻናሎች። ቪዲዮ ባልከፍትም፣ በጣቴ ወደ ላይ እየገፋሁ ሳልፍ ራሱ ይወርዳል። ይቅርታ፣ ተመራቂዎች።

ክሊር ካሽ አልኩት። ደቂቃ አልፈጀም፣ ወደ 18 ጂቢ ተለቀቀ። ቻቱ አልጠፋም፣ ፎቶውም አልጠፋም፤ የቴሌግራም ፋይል ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም የራሱ የቴሌግራም ኮምፒውተር ላይ ስላለ፣ ስትፈልጉት መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ። እዚህ ላይ ግን ማንም የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ መልሶ ማውረድ በዳታ ነው። ፓኬጅ እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ካሽ ማጽዳት ነፃ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን በየሁለት ቀኑ አጸዳ ነበር፣ የዳታዬ ፓኬጅ ከወትሮው ቀድሞ አለቀ። ቻናሉ ራሱ ከጠፋ ወይም የላከው ሰው ከሁለታችሁም ጋ ካጠፋው ደግሞ የሚወርድ ነገር የለም።

አሁን ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። የግል ቻት አንድ ወር ይቆይ፣ ግሩፕና ቻናል አንድ ሳምንት። የካሹ ጣሪያ 5 ጂቢ። በሞባይል ዳታ ራሱ እንዲያወርድ የሚፈቅደውን ዘጋሁት። እና ትልቁ፣ ቀድሜ አለማሰቤ የሚያሳፍረኝ፦ ቴሌግራምን ሱቅ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩት። ደንበኛ ሲልክ እዚያው ይወርዳል፣ እዚያው ይታተማል፣ ስልኬን አይነካም። አራት ወር ሙሉ በስልኬ ተቀብዬ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ሳሻግር ነበር። ሁለቱ መካከል አንድ ክንድ ርቀት ነው ያለው።

በዚያውም የታየኝ ሌላ ነገር አለ። ዳውንሎድ ውስጥ ስገባ የሰው ፋይዳ፣ የሰው ደሞዝ፣ የሰው የፍርድ ቤት ወረቀት በመቶ ይቆጠራል። ስልኬ ቢሰረቅ የሚሰረቀው የኔ ብቻ አልነበረም። አሁን ማታ ሱቅ ስዘጋ የኮምፒውተሩንም ዳውንሎድ አጸዳለሁ። ቦታ ስለሌለ አይደለም።

ዋትሳፕ ሌላ ጠባይ አለው፣ ተጠንቀቁ። እዚያ ያጠፋችሁትን ፋይል እንደ ቴሌግራም ስትፈልጉ መልሳችሁ ታወርዱታላችሁ ብላችሁ አትመኑ፤ ብዙውን ጊዜ የላከው ሰው እንደገና ካልላከው የለም። ስለዚህ በጅምላ አይጠፋም። “ማኔጅ ስቶሬጅ” የሚለው ከ5 ሜባ በላይ የሆኑትን እና ብዙ ጊዜ ፎርዋርድ የተደረጉትን ለይቶ ያወጣል፤ እኔ የጀመርኩት ከፎርዋርዱ ነው። የገና፣ የጥምቀት፣ የፋሲካ መልካም ምኞት፣ ሻማ የሚበራበት፣ ርግብ የሚበርበት፣ ከአክስቴ ብቻ አርባ አንድ ቪዲዮ። ያለ ርኅራኄ አጠፋሁት። የአባቴን ድምፅ መልእክቶች ግን አልነካሁም፤ እነሱ ደግሞ በጣም ትንንሽ ናቸው።

ፎቶን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠውን ጉግል ፎቶስን ባጭሩ፦ 15 ጂቢ ነፃ ነው፣ ግን ከኢሜይላችሁና ከድራይቩ ጋር የጋራ ነው። ድሮ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ያልተገደበ ይሰጥ ነበር፣ ሰኔ 2021 በፈረንጆቹ ቀረ። እኔ ባክአፕ የማደርገው ማታ በሱቁ ዋይፋይ ነው። ከስልክ ላይ ለማንሳት “ፍሪ አፕ ስፔስ” የሚለውን ተጠቀሙ፤ እሱ ባክአፕ የሆነውን ብቻ ከስልኩ ያነሳል። እዚያው አፕ ውስጥ ፎቶውን መርጣችሁ አጥፋ ካላችሁት ግን ከሁለቱም ቦታ ነው የሚሄደው። ቪዲዮም ዝቅ አድርጌ ነው የምቀርጸው፤ በፊት አራት ደቂቃ ቪዲዮ 500 ሜባ ገደማ ይይዝብኝ ነበር።

እንግዲህ ስልኩ ይገዛል ወይ? ለጥሪ፣ ለፌስቡክ፣ ለፎቶ ከሆነ 64 ይበቃል፣ በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ከሰጣችሁት። እንደኔ የሚሠራበት ሰው ግን 128ቱን ይግዛ። ያኔ ልዩነቱ የአንድ ደህና ጫማ ዋጋ ነበር፤ ጫማውን ገዛሁ፣ ጫማው አልቋል። ሲስተሙም ባለበት አይቆምም፤ በዝማኔ በዝማኔ 17 የነበረው አሁን 21 ደርሷል። አፖቹም በየወሩ ይወፍራሉ። ዘንድሮ የሚበቃችሁ ከርሞ ይጠብባችኋል።

ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ 20 ጂቢ ክፍት ነው። ያቺ እናት ባለፈው ሳምንት መጥተው ነበር፣ ክፍያው ሲገባ ወዲያው አሳየኋቸው፤ “አከሳሽው” አሉኝ፣ ስልኩን። አክስቴ ደግሞ ገና ነሐሴ ሳይወጣ የእንቁጣጣሽ ቪዲዮ ልካለች። ራሱ ስለማይወርድ ደብዝዞ ተቀምጧል፣ መሃሉ ላይ 48 ሜባ ይላል። እስካሁን አልነካሁትም።