ሞተሩ ሞቆ ከሚጠብቃችሁ ያገለገለ የቅንጦት መኪና ተጠንቀቁ

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምትኖሩ፣ ያገለገለ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብልዩ ወይም ሬንጅ ሮቨር ለመግዛት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ የፈረምኩትን ዓይነት ውል እናንተ እንዳትፈርሙ ነው። በአካባቢያችን በሊሙዚንና በታክሲ ሥራ የሚተዳደረው ወገን ብዙ በመሆኑ ትልቅ ጥቁር መርሴዲስ በቀላሉ ልባችንን ይወስዳል፤ ለሰርግ ይፈለጋል፣ ለሥራ ይፈለጋል፣ ከዓመታት ድካም በኋላም ሰው ለራሱ ይመኘዋል። ምኞቱ ነውር የለበትም። ጉዳቱ የሚመጣው ዋጋው የረከሰበትን ምክንያት ሳይመረምሩ ከመግዛት ነው።

እኔ የገዛሁት የ2007 ሞዴል መርሴዲስ ኤስ 550 ነው። አዲስ በነበረበት ጊዜ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረ መኪና፣ 104 ሺህ ማይል ከሄደ በኋላ በ11,900 ዶላር ቀረበልኝ። ሻጩ ያገለገሉ መኪናዎችን የሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት ነበር። እንዲህ የሚሠራው እርሱ ብቻ ስላልሆነ ስሙን ማወቃችሁ ከሌሎቹ አያድናችሁምና አልጠቅሰውም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በቀጠሯችን ስደርስ መኪናው ታጥቦ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ አየር ማቀዝቀዣው እየሠራ ይጠብቀኝ ነበር። በዚያ የሐምሌ ሙቀት እንዳልቃጠል የታሰበልኝ መስሎኝ አመሰገንኩ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ነዳሁት፤ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር አይታወቅም፣ የመንገዱ ጉድጓድ አይሰማም፣ ዳሽቦርዱ ላይም አንድ መብራት አልበራም። በዚያው ምሽት ፈረምኩ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ወደ ሥራ ልሄድ ስወጣ መኪናውን በቀኝ የፊት ጎማው በኩል ተንበርክኮ አገኘሁት። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሁለት ጣት ማስገባት አልቻልኩም፤ በግራ በኩል ግን መዳፌ በሙሉ ይገባ ነበር። ሞተሩን ሳስነሣ መኪናው በጣም ዝቅ ማለቱንና መቆም እንዳለብኝ የሚገልጽ ቀይ ጽሑፍ ፊት ለፊቴ ወጣ። ከሥር አንድ ነገር ለጥቂት ደቂቃዎች ሲያቃስት ቆየና መኪናው ቀስ እያለ ተነሣ። ለሻጩ ስደውል የሰጠኝ መልስ «ሲሞቅ ይስተካከላል» የሚል ነበር። ዳግመኛ ስደውል ደግሞ «የገዙት እንዳለ ነው፤ የፈረሙበትን ወረቀት ይመልከቱ» አለኝ።

መኪናውን ወደ አንድ የአገራችን ሰው ጋራዥ ወሰድኩት። ዕድሜያቸውን በመርሴዲስ ጥገና ያሳለፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ገና ኮምፒዩተር ሳይሰኩ በመርጫ ጠርሙስ ውስጥ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጠው ቀኙን የፊት እግር፣ ማለትም መኪናውን በጎማው ላይ የሚሸከመውን ክፍል፣ ረጩትና «ዝም ብለህ እይ» አሉኝ። ጥቂት እንደቆየን ከላስቲኩ እጥፋት መካከል፣ እንደሚብላላ የጠላ ድፍድፍ፣ ጥቃቅን አረፋ እየተነፈሰ መውጣት ጀመረ። «ይህ ትናንት የተበላሸ አይደለም ልጄ። ሌሊት የሚወጣውን አየር ቀን ቀን ሲሞላ የኖረው ኮምፕረሰርም አልቆለታል» አሉኝ።

በዚህ መኪና ላይ እንደ ተራ መኪና የብረት ሞላ የለም፤ አራቱም እግሮች የሚቆሙት አየር በተሞላ ላስቲክ ላይ ነው። ላስቲክ ደግሞ ማይል ባይሄድም በዕድሜ ብቻ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል ሲሆን ቀን ላይ ምንም አይታወቅም፤ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ኮምፕረሰሩ የጎደለውን ይሞላል። ሌሊት ግን የሚሞላ ስለሌለ መኪናው ይተኛል። ኮምፕረሰሩ ለአጭር ጊዜ እየሠራ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፤ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይግላል፣ የሚያበራውና የሚያጠፋው ሪሌይም እየጋለ ተጣብቆ ይቀራል፣ በመጨረሻ የኮምፕረሰሩ ሞተር ይቃጠላል። መጀመሪያ ላይ አንድ እግር በመለወጥ ያበቃ የነበረው ወጪ በዚህ መንገድ ወደ ሦስት ዕቃ ያድጋል። እኔ ለእግሩ፣ ለኮምፕረሰሩና ለሪሌዩ ከነእጅ ዋጋው 2,650 ዶላር ከፈልኩ። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ የጠበቀኝ ለምን እንደነበረ የገባኝም ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ይህን ባልጻፍኩ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሞተሩ መብራት በራ። ጋሼ ኮምፒዩተሩን ሲሰኩ በመርሴዲስ ጠጋኞች ዘንድ 1200 እና 1208 ተብለው የሚታወቁት የብልሽት ኮዶች ወጡ። በእነዚያ ዓመታት በተሠሩት ባለስምንት ሲሊንደር ኤም 273 ሞተሮች ውስጥ፣ ካቴናው (የሞተሩን ክፍሎች አያይዞ የሚያዞረው ሰንሰለት) የሚያልፍበት አንድ ባለጥርስ መዘውር ያለጊዜው እየተበላ፣ ሞተሩ ቫልቮቹን የሚከፍትበትና የሚዘጋበት ጊዜ ይዛባል። በባለስድስቱ ኤም 272 ሞተር ላይም ተመሳሳይ ችግር የሞተሩን ንዝረት በሚቀንሰው የሚዛን ዘንግ ላይ ደርሷል፤ በዚህም ምክንያት በአሜሪካ ፍርድ ቤት በባለቤቶች ስም የጅምላ ክስ ቀርቦ ነበር። መዘውሩ ራሱ እጅግ ውድ ዕቃ አይደለም፤ ነገር ግን እርሱን ለማግኘት ሞተሩ ከመኪናው መውረድ ስላለበት የተሰጠኝ ግምት 6,800 ዶላር ነበር። ከግዢው ዋጋ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። መኪናው ዋጋው ቢወድቅም የተሠራው ለ80 ሺህ ዶላር መኪና በሚሆን ዕቃ ነው፤ ሲበላሽም የሚጠይቀው የዚያኑ ያህል ነው። 11,900 ዶላር ያለው ሰው ይህን መኪና ሲገዛ ቢያንስ ሌላ አምስት ወይም ስድስት ሺህ ዶላር ለመጀመሪያው ዓመት ካላስቀመጠ፣ በእኔ ግምት መኪናውን መግዛት አቅሙ አልፈቀደለትም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ነገር፣ መኪናውን ሌሊቱን ባደረበት ቦታ፣ በጠዋት፣ ማንም ሳይነካው እንድታዩት ነው። ለሻጩ አስቀድማችሁ «ሳልደርስ እንዳታስነሡት» በሉት። ስትደርሱ ከሁሉ በፊት እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ተመለሱና ሌላ ቀን ኑ። ከዚያ አራቱንም ጎማዎች ዙራችሁ ከፍታቸውን በጣታችሁ ለኩ። ቀጥሎ ሬዲዮውንም ማቀዝቀዣውንም አጥፍታችሁ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ፣ ሌላ ሰው ሞተሩን ሲያስነሣ አዳምጡ። ከ2010 ሞዴል ጀምሮ በሬንጅ ሮቨር ላይ የተገጠመው ባለ5.0 ሊትር ሞተር የካቴና ችግር ካለበት የሚንኮሻኮሸው በቀዝቃዛው ሲነሣ ነው፤ ሲሞቅ ዝም ሊል ይችላል። ከኤም 273 በኋላ የመጣው የመርሴዲስ ባለ4.7 ሊትር ቱርቦ ሞተርም በቀዝቃዛው ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚያንኮሻኩሽ ድምፅ በማሰማት ይታወቃል። ቢኤምደብልዩ 750 የምትመኙ ደግሞ ኤን 63 የሚባለውን ባለ4.4 ሊትር ሞተር ጉዳይ ሳታውቁ አትቅረቡ፤ ሁለቱ ቱርቦዎች በሲሊንደሮቹ መካከል ተቀምጠው ሙቀታቸውን ሁሉ ወደ መሐል ስለሚተፉ በዚያ ያሉትን የላስቲክና የፕላስቲክ ክፍሎች ያደርቃሉ፣ ሞተሩም ዘይት ይጠጣል። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 ለእነዚህ ሞተሮች ባለቤቶች ልዩ የጥገና ፕሮግራም እስከ ማውጣት ደርሷል። እንዲህ ያለውን መኪና ስታዩ በጠዋት ካስነሣችሁት በኋላ ለአሥር ደቂቃ ቁማችሁ ጠብቁና ድንገት ነዳጅ ስጡት፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ውይይቱ አለቀ።

የዳሽቦርዱ መብራት አለመብራትም እኔን እንዳታለለኝ እንዳያታልላችሁ። ኮድን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የተሸጡ መኪናዎች ሁሉ ከመሪው ሥር የኮምፒዩተር መሰኪያ አላቸው፤ ሠላሳ ዶላር በማይሞላ ኮድ ማንበቢያ «ሬዲነስ» የሚለውን ክፍል ብትከፍቱ፣ ኮዱ በቅርቡ ጠፍቶ ከሆነ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች ገና እንዳልተጠናቀቁ ይነግራችኋል። ሦስትና አራቱ ምርመራ ያልተጠናቀቀበት መኪና ካገኛችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። «ባትሪው ተቀይሮ ነው» የሚል መልስ ትሰማላችሁ፤ እውነትም ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ መኪናው ለአንድ ሳምንት ተነድቶ ተመልሳችሁ ብታነቡት ሻጩን የሚጎዳው ነገር የለም። ይህን ካልፈቀደ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም፤ ጥቂት ነገሮች ብቻ አጥብቄ ልናገር። በቨርጂኒያ በየዓመቱ የሚደረገው የደኅንነት ኢንስፔክሽን ፍሬንን፣ ጎማን፣ መብራትንና የመሳሰለውን ይመለከታል እንጂ የሞተሩን ካቴና ወይም የካምቢዮውን ሆድ አያይም፤ «አዲስ ኢንስፔክሽን አለው» የሚለውን ቃል እንደ ጤና ማረጋገጫ አትቁጠሩት። በመስኮቱ ላይ የሚለጠፈውና እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በፌዴራል ደንብ የግድ የሆነው የገዢ መመሪያ ወረቀት «እንዳለ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት ካለበት፣ ሻጩ በአፉ የነገራችሁ ተስፋ ሁሉ በወረቀት ካልሰፈረ አይቆጠርም። እንደ እኔ ሦስት ቀን ሳይሞላ መኪና መመለስ ይቻላል ብላችሁ የምታምኑም ካላችሁ፣ የፌዴራሉ የሦስት ቀን ደንብ ሻጩ በቋሚ የንግድ ቦታው የሸጠውን መኪና አይመለከትም። እኔ ይህን ያወቅሁት በሁለተኛው ቀን ቁልፉን ይዤ ከሄድኩ በኋላ ነው። የጎርፍ ጉዳይም አለ፦ የአውሎ ነፋስ ጎርፍ የዋጠው መኪና ታጥቦ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሊሄድና ንጹሕ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) ይዞ ሊመለስ ይችላል። የወንበሩን ሐዲድ ብሎኖች ዝገት፣ በትርፍ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ደለልና እስከ መጨረሻው ተስቦ በወጣ የደኅንነት ቀበቶ ላይ የቀረ የውሃ መስመር ፈልጉ።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ የዚያን መኪና ዓይነት በየቀኑ ለሚጠግን ለራሳችሁ መካኒክ፣ ሁለት ወይም ሦስት መቶ ዶላር ከፍላችሁ አስመርምሩ። ሻጩ «የእኛ መካኒክ አይቶታል» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። መካኒኩ ከሥር ሲያየው እናንተም አብራችሁ ሁኑ፤ የካምቢዮው ዘይት መቼ እንደተቀየረም በደረሰኝ አስረጋግጡ። የመርሴዲስ ባለሰባት ማርሽ ካምቢዮ ዘይቱ ዕድሜ ልክ አይቀየርም የሚል ወሬ አለ፤ ነገር ግን በ40 ሺህ ማይል አካባቢ መቀየር አለበት። ያን ወሬ አምኖ 100 ሺህ ማይል የነዳ ባለቤት ያለውን መኪና፣ ውስጡ ምንም ቢያምር፣ አልመክርም።

ቅንጦቱን ፈልጋችሁ ስጋቱን ለመቀነስ ከወደዳችሁ፣ ከ2001 እስከ 2006 የተሠራውን ሌክሰስ ኤልኤስ 430 ተመልከቱ። አብዛኞቹ በተራ የብረት ሞላ የቆሙ ናቸው፤ አየር የተገጠመላቸውን እለፏቸው። የሞተሩ ቺንጋ በ90 ሺህ ማይል መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ግን የግድ ነው። «ጥቂት ነድቼው አገር ቤት እልከዋለሁ» የምትሉም፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሏን አስቡ፤ ያ በር እንደ ድሮው ክፍት አይደለም።

ትናንት የፈረማችሁና ዛሬ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አሁንም ማዳን የምትችሉት ነገር አለ። መኪናው ዝቅ ብሎ ካደረ ተሸክሞ በሚወስድ መኪና ወደ ጋራዥ አስወስዱት እንጂ አትንዱት፤ እግሩ እስኪቀየር ኮምፕረሰሩ እንዳይቃጠል ሪሌዩን አስነቅሉ። ከመኪናው ጋር የሸጡላችሁን የጥገና ውልም ዛሬውኑ አውጥታችሁ «የማይሸፍናቸው» የሚለውን ገጽ አንብቡ። በእኔ ውል ላይ የአየር እግሮች፣ ፍሳሽ የሚከለክሉ ላስቲኮችና «ከግዢው በፊት የነበረ ብልሽት» ሁሉ በዚያ ገጽ ላይ ተዘርዝረው ስለነበር፣ የከፈልኩበት 2,100 ዶላር አንዱንም ጥገና አልሸፈነልኝም። እንዲህ ያሉ ውሎች ብዙውን ጊዜ ሊሰረዙ ይችላሉ፤ የሰረዛው ቀነ ገደብ በውሉ ውስጥ ተጽፏል፣ ቀኑ ካላለፈም ገንዘቡ በሙሉ ሊመለስ ይችላል። ጥያቄያችሁን በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በአደራ ደብዳቤ ላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከደብዳቤው ቅጂ ጋር አስቀምጡ፤ መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነም ተመላሹ የሚሄደው ወደ አበዳሪው ስለሆነ በቀጣዩ የሂሳብ መግለጫ ላይ መቀነሱን አረጋግጡ። የእኔ በዚህ መንገድ ተመልሷል።