ዎከር፣ ክራንች ወይስ ከዘራ? ከጉልበት ቅያሪ በኋላ ለጅማ ግቢ የሚሆነው

የጉልበት ቅያሪ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ወደ ጅማ ሲመለስ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ዎከር ይሻላል ክራንች?» ብሎ ነው። ዎከር ከፊት አስቀድመው በሁለት እጅ የሚደገፉት ባለ አራት እግር መደገፊያ ነው፤ ክራንች ደግሞ በብብት ሥር የሚያዝ ምርኩዝ። ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ለይቶ ያዘዘው ካለ እሱን ግዙ። ምርጫው ለእናንተ ከተተወ ግን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ግቢያችሁን እዩ። ወለሉ ሊሾ ነው አፈር? እስከ ሽንት ቤቱ ስንት ደረጃ አለ? ክረምት ላይ ጭቃው የት ድረስ ይመጣል? ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔ የምመርጠው ዎከር ነው። በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋና መውደቅ ለሚፈሩ ሰዎች። ፊት ለፊቱ ሁለት ትናንሽ ተሽከርካሪዎች ያሉት ዎከር ሊሾ ላይ ጥሩ ነው። እየገፉ መሄድ ነው፤ እርምጃው አይቆራረጥም። ጭቃና ኮብልስቶን ላይ ግን ይይዛል። ተሽከርካሪ የሌለው በየእርምጃው ብድግ ማድረግን ስለሚጠይቅ ክንድ ያደክማል፤ ግን ካስቀመጡት ቦታ አይንሸራተትም። ግቢያችሁ አፈር ከሆነ ይሄኛውን ውሰዱ። አራት ተሽከርካሪ፣ ፍሬንና መቀመጫ ያለው ደግሞ ዓይን ይስባል። ሲደገፉት ወደፊት ስለሚሮጥ ለጅምሩ አልመክረውም።

ክራንች የሚያሸንፈው በጠባብ በርና በደረጃ ላይ ነው። ባጃጅ ውስጥ ለማስገባትም ይቀላል። ጠንካራ ክንድና ሚዛን ላለው ሰው ይሆናል። የላይኛው ጫፍ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ማለት አለበት፤ ክብደቱን የሚሸከመው መዳፍ ነው። ብብት ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ነርቩ ይጨቆንና እጁ ይደነዝዛል።

ከዘራ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። አንዳንድ አባቶች ዎከር ይዞ መታየት ይከብዳቸውና ገና ከሆስፒታል እንደወጡ ከዘራ ብቻ ይዘው ይነሳሉ። እባካችሁ አይቸኩሉ በሏቸው። ጊዜው ሲደርስ ከዘራ የሚያዘው ጉልበቱ ከተሠራው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው፤ ቀኝ ጉልበት ከሆነ በግራ እጅ። ብዙ ሰው በዚያው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ የጉልበቱን ጫና በደንብ የሚቀንሰው ግን በተቃራኒው ሲያዝ ነው። ቁመቱ ቀጥ ብለው ቆመው እጅ ሲንጠለጠል እጀታው የእጅ አንጓ ላይ የሚደርስ ይሁን። የቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ለዚህ በጣም ይረዝማል። ከዘራ አንድ እጅ ነፃ ስለሚያደርግ የቡና ስኒ ይዞ መራመድም ያን ጊዜ ይመለሳል።

የትኛውንም ስትገዙ ገልብጣችሁ የእግሩን ላስቲክ እዩ። ከሥሩ ክብ ክብ መስመር አለው፤ መሬት የሚቆነጥጠው እሱ ነው። መስመሩ አልቆ ልሙጥ ከሆነ እርጥብ ሊሾ ላይ ያዳልጣል። በተለይ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ መለዋወጫ ላስቲክ ሳታገኙ አትክፈሉ። ቁመት ማስተካከያው ቁልፍም «ቀጭ» ብሎ መግባቱን በእጃችሁ አረጋግጡ።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ግን ከውድ ዎከር ይልቅ ተራውን ገዝታችሁ የተረፈውን ለመጸዳጃ ወንበር አውሉት። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። አዲስ ጉልበት ወንበር ላይ ለመቀመጥ 90 ዲግሪ ያህል መታጠፍ ይበቃዋል። ቁጢጥ ማለት ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ብዙ የተቀየረ ጉልበት እዚያ አይደርስም። ሰው ቀን ሙሉ በጥሩ ዎከር ተራምዶ ማታ ሽንት ቤት ሲገባ ይቸገራል። ከፍ እንዲል ከላይ የሚጫን ፕላስቲክ የሚሆነው መቀመጫ ላለው ሽንት ቤት ብቻ ነው። ቁጢጥ ለሚባልበት፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ባለ አራት እግር ወንበር ያስፈልጋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የብረት አለ፤ ቀላልና ቁመቱ የሚስተካከል ነው። እኔ ግን የጅማን አናጺ እመርጣለሁ። በርጩማን እንዲህ አሳምሮ የሚሠራ እጅ ይሄ አያቅተውም።

በርጩማው ራሱ ግን ለጊዜው ይራቅ፤ ቡና ሲጠጣም ከፍ ያለ ወንበር ይቅረብላቸው። ለአናጺው የምትሰጡት የመጸዳጃ ወንበሩ ልክ ከወለል እስከ ጉልበት ማጠፊያ ያለው ቁመት ነው፤ ከዚያ ጥቂት ከፍ ያድርገው። ተደግፈው የሚነሱበት ክንድ በሁለቱም በኩል ይኑረው። እግሮቹ ወደ ውጭ ከፈት ይበሉ። በውኃ ስለሚታጠብ ቫርኒሽ ይቀባ።