ስለ ሰማያዊው መብራት የጠየቁኝ መካኒክ

ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ከወር በላይ ሆነኝ። ያዘገየሁት ሆን ብዬ ነው። በሰው ጥቆማ ሄጄ ኪሴም ሆዴም የተቃጠለበት ጊዜ ስላለ፣ መኪናዬ በእርግጥ መዳኗን ሳላይ ለማንም «እዚህ ሂዱ» ማለት አልፈለግኩም። ባለፈው እሁድ ግን ደብረ ሲና ደርሳ ተመለሰች፤ ደርሶ መልስ ወደ 380 ኪሎ ሜትር። ጠዋት ቀዝቅዛ ሳያት ውሃዋ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ ላመስግን።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር 2007 ሞዴል፣ ባለ 3 ፒስተን፣ 996 ሲሲ። ዘንድሮ ሚኒስትሪ የሚፈተነውን ልጄን በዕድሜ ትበልጠዋለች። ከእኔ በፊት ሦስት እጅ አልፋለች። እንኳን ልቀይራት፣ በእኛ 2016 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ጭራሽ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማያት።

ጣጣው የመጣው እናቴን ከለቅሶ ስመልስ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚያስወጣውን ዳገት የነዳ ያውቀዋል። አጋምሰነው ቀዩ የሙቀት መብራት ቦግ አለ። የእኔ ቪትዝ የሙቀት መርፌ የላትም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ከልክ ሲያልፍ ቀይ ይመጣል። በሁለቱ መሀል ያለውን አምላክ ነው የሚያውቀው። ዳር ይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ እንፋሎቱ ፊቴን ሊልጠኝ። እናቴ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች። የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት ስል አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሮጦ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ያን ቀን ባይደርስ ዛሬ በየትኛው እጄ እጽፍ ነበር? ባለበት እግዜር ይስጠው። እስኪበርድ ጠብቀን፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ ጨምረን፣ እየቆምን እየተነሳን ደብረ ብርሃን ገባን፤ ከዚያም አዲስ አበባ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ስሙ ይቅር። ኮፈኑን ከፍተው ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያዩ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ሞተር ይወርዳል፣ ባይሆን ሞተር መቀየር ነው» አሉኝ። ጓርኒሲዮን የሚሉት በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ መሀል ያለውን ማሸጊያ ነው። የጠሩት ዋጋ ከ100 ሺህ ብር በላይ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሳሪስ አካባቢ ወዳሉት ሰውዬ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። ጋራዡ ጋራዥ ለመባልም ያንሳል፤ ቆርቆሮ ግቢ፣ ሦስት መኪና ከገባ አራተኛው በር ላይ ይቆማል። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሏቸው። ኮፈኑን ሊከፍቱ ነው ብዬ ስጠብቅ በርጩማ ሳብ አድርገው ተቀመጡና «ልጄ፣ ጠዋት ስታስነሺያት ሰማያዊው መብራት ስንት ደቂቃ ይቆያል?» አሉኝ።

ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ነገሬ ብዬው አላውቅም። አስታውሼ «ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ቢሮ ልገባ ስል ነው የሚጠፋው፣ ከ20 ደቂቃ በላይ» አልኳቸው። «ቤንዚንስ ጨምሮብሻል?» ጨምሯል። «ሚኒሞዋስ፣ ቆማ ስትሠራ ያለው የሞተሩ ዙር፣ ከፍ ብሎ ይቆያል?» ይቆያል። ወደ ረዳታቸው ዞር ብለው «ይቺ ቴርሞስታት የላትም» አሉ፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቫልቭ ማለታቸው ነው። ገና መኪናዋን በእጃቸው አልነኳትም! ከዚያ «ትኩስ ሞተር አልከፍትም፤ አሳድሪያትና ነገ በጠዋት ነይ» ብለው ሸኙኝ። እውነቱን ልናገር፣ እየተጠራጠርኩ ነው የሄድኩት።

በነጋታው ሁሉንም ፊቴ ላይ ነው የሠሩት። የዘይት መለኪያውን መዘው በነጭ ጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ፤ «ውሃ ቢቀላቀል ቡና በወተት ይመስል ነበር፣ ይህ ዘይት ብቻ ነው።» የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን አስነሱ፤ አረፋ የለም። ጓርኒሲዮኑ አልተቃጠለም ማለት ነው። ቀጥለው በራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥመው ግፊት ሰጡት። የእጅ ፓምፑ መርፌ ቀስ እያለ ወረደ፤ የሆነ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። በስልኬ መብራት ቺንጋው በሚዞርበት በኩል ዝቅ ብዬ እንዳይ ነገሩኝ። ከውሃ ፓምፑ ሥር የዝገት ቀለም ያለው መስመር ወርዷል፣ ዝናብ በጭቃ ግድግዳ ላይ እንደሚያወርደው። በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ነው። የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታም አልቆ ይወዛወዛል። የቴርሞስታቱ ቤት ሲከፈት እንዳሉትም ባዶ፤ ውስጡ የሻይ አተላ የመሰለ ዝቃጭ ብቻ። ማን መቼ እንዳወጣው እንጃ። «ሙቀት ሲያስቸግራቸው አውጥተው ይጥሉታል፣ ራስ ምታት ላለበት ሰው ራሱን እንደ መቁረጥ ነው» አሉና ሳቁ።

ያስረዱኝን ልንገራችሁ፣ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል። ቴርሞስታት ከሌለ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩም ገና ቀዝቃዛ ነኝ እያለ ቤንዚን ያበዛል። ዳገት ላይ ያፈላት ግን ሌላ ነው። ባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ሞተር በጤናውም ቢሆን እዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ግፊትና ኩላንቱ፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ነው። የእኔ ክዳን ስፕሪንጉ ደክሟል፣ ውስጡ የቧንቧ ውሃ ነው፣ እሱም በፓምፑ እየፈሰሰ ጎድሏል።

ዕቃውን እኔው እንድገዛ አሮጌውን ፓምፕ በፌስታል ጠቅልለው የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላኩኝ። «እኔ ከገዛሁልሽ ዋጋው ይከነክንሻል» አሉ። ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ ክዳን፣ ኩላንት። ውስጡን ደጋግመው አጥበው ገጠሙ፤ ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ እስኪያቆም ድረስ ቁልፉን አልሰጡኝም። የእጅ 4,000 ብር። ቴስታታው አልተነካም።

ሰማያዊው መብራት አሁን ከሰፈሬ ሳልወጣ ይጠፋል። እሁድ ለአርባው ስንሄድ ያንኑ ዳገት ወጣነው፤ እናቴ ዓይኗን ከዳሽቦርዱ አልነቀለችም። ጫፍ ስንደርስ «ያንን ሰውዬ መርቂልኝ» አለችኝ። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ ብዙ ጊዜ አያነሱም፣ ሥራቸው ቀስ ያለ ነው፣ የሚቸኩል ሰው ይናደዳል። ቁጥራቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ። ስትሄዱ መኪናዋን በዋዜማው ማታ አድርሱና አሳድሯት፤ ሰማያዊው መብራት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይም ቆጥራችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።