የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱና የሲሚንቶ ማከፋፈያው፦ የአንድ ተገልጋይ አስተያየት

ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ባለው ይዞታዬ ላይ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት ያስገነባሁት በ2015 ዓ.ም. ነው። አስተያየቴ የሚመለከተው በአካባቢው ያለውን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤትና በመንግሥት ዋጋ ሲሚንቶ ይሸጥ የነበረውን ማከፋፈያ ሲሆን፣ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣኋቸው የፈቃዱን ቅጂ ያልያዘ ሰው በማከፋፈያው ሊስተናገድ ስላልቻለ ነው።

ፈቃዱን ለማግኘት ብዙም አልተንገላታሁም። ካርታዬንና ዲዛይኑን አቅርቤ በቅድሚያ የፕላን ስምምነት፣ ቀጥሎም ፈቃዱ ተሰጠኝ። ያኔ ይሠራበት በነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት የሕዝብ መገልገያዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች ከባድ መስፈርት ባለው ምድብ «ሐ» ይመደቡ ስለነበር፣ የእኔን ለመሰለ ቤት ጉዳዩ ቀለል ይል ነበር። ከሁሉ በላይ ያረካኝ ግን ክትትሉ ነው። የመሠረቱ ኮለን ሊሞላ በተዘጋጀበት ጠዋት የመጣው ወጣት መሐንዲስ ሜትሩን አውጥቶ የስታፋውን፣ ማለትም ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያስሩትን ቀለበቶች፣ ርቀት ለካና «ጋሼ፣ ይህ ተራርቋል፤ ሳይስተካከል አርማታ አይሞላም» አለኝ። ግንበኛዬ ቢያጉረመርምም ዲዛይኑን ገልጠን ስናይ ልጁ ትክክል ነበር።

ችግሩ የጀመረው ሲሚንቶው ላይ ነው። እጥረቱ እውነተኛ እንደነበረ አልክድም፤ የመቐለው መሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካ በትግራዩ ጦርነት ምክንያት ከገበያ ወጥቶ ነበር፣ ሌሎቹም ፋብሪካዎች ለመለዋወጫና ለድንጋይ ከሰል የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ይቸግራቸው ነበር። ደላላው የሚጠራው ዋጋ ከማከፋፈያው በእጥፍ ይበልጥ ስለነበር፣ መንግሥት ዋጋ መወሰኑና ሥርጭቱን መቆጣጠሩ ለእኔ ቢጤው ጠቅሞታል። ያልገባኝ ኮታው የተሰፈረበት መንገድ ነው። የእኔ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ 80 ካሬ ሜትር፣ ውፍረቱም 15 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ 12 ሜትር ኩብ አርማታ ይፈልጋል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢታሰብ 43 ኩንታል ገደማ፣ ማለትም 86 ከረጢት መሆኑ ነው። ሶሌታ ደግሞ በአንድ ቀን ካልተሞላ መገጣጠሚያው ደካማ ይሆናል። ለእኔ ግን በወር የሚደርሰኝ 20 ኩንታል ብቻ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ወር ማጠራቀም ግድ ሆነብኝ። ሲሚንቶ እንደ ጤፍ ጎተራ ውስጥ አይከርምም፤ ከመሬት ከፍ አድርጌ በላስቲክ ብሸፍነውም፣ የክረምቱ እርጥበት ቀድመው ከገዛኋቸው ከረጢቶች የተወሰኑትን አጠነከራቸው። የታሰረው ፌሮም እየጠበቀ ዛገ። በዚያ ላይ የሲሚንቶውን ዓይነት መምረጥ አይቻልም ነበር፤ ኦፒሲ (ተራውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ጠይቄ «የመጣው ፒፒሲ ነው» ተባልኩ። ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ጥንካሬ የሚያገኘው ቀስ ብሎ በመሆኑ፣ መሐንዲሱ ሶሌታውን የተሸከሙት የባሕር ዛፍ ድጋፎች 28 ቀን እንዲቆዩ አዘዘ፤ የእንጨቱ ኪራይም በዚያው ልክ ረዘመ።

ይህን ሁሉ ማስቀረት ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። መሐንዲሱ በየደረጃው እየመጣ ሥራው የት እንደደረሰ ፈርሞ ይሄዳል፤ በዚያው ወረቀት ላይ ለቀጣዩ ደረጃ የሚያስፈልገውን ኩንታል ቢጽፍና ማከፋፈያው ያንኑ በአንድ ጊዜ ቢሰጥ፣ ለመሠረት የደረሰው ለመሠረት፣ ለሶሌታ የደረሰው ለሶሌታ ይወስዳል፤ ትርፍ ይዞ ለደላላ የሚያሻግርም አይኖርም። ይህን ሐሳብ ለማከፋፈያው ኃላፊ ባቀርብ «ይህ የፈቃዶች ሥራ ነው» አሉኝ፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብሄድ ደግሞ ሲሚንቶ እንደማይመለከታቸው በትሕትና ነገሩኝ።

ለጽሕፈት ቤቱ ባለሙያዎች ከአምስት አራት እሰጣለሁ፤ የቀነስኩት አንዱ ነጥብ ፋይሌ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ስለተገኘ ነው። ለማከፋፈያው ከሁለት አላልፍም፤ እርሱም በሚዛኑና በዋጋው ስላላጭበረበረኝ ነው። ደርቀው ድንጋይ የሆኑት አራት ከረጢቶች ዛሬም ከግቢዬ በር አጠገብ ተደርድረዋል፤ ዘበኛው ማታ ማታ ይቀመጥባቸዋል።