ለአቡነ ዮሴፉ ባለ በቅሎ የዘገየ ምስጋና

ይህን ምስጋና ሳላደርስ ብዙ ዘመን በመቆየቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔና ባለቤቴ አንድ የላሊበላ ባለ በቅሎ እየመራን ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ መጀመሪያ የወጣነው በጥር 2005 ዓ.ም.፣ በተጋባን በዓመታችን ነበር። ከዚያ ወዲህ በ2007፣ በ2010 እና በ2015 ዓ.ም. ተመላልሰናል፤ አንድም ጊዜ ሌላ ሰው አልፈለግንም።

ለእኔ ለደሴው ሰው ብርድ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤቴ ግን የባቲ ልጅ ናት። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ፣ በበጋው ወራት ሌሊቱ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ፈጥኖ ይጠፋል፤ ሲነጋም የጓሳው ሣር በውርጭ ነጥቶ፣ በኮዳ ያሳደርነው ውኃ አፉ ላይ በረዶ ሠርቶ እናገኘው ነበር።

በመጀመሪያው ጉዟችን ባለቤቴ ራሷን እያመማት ያስመልሳት ጀመር። እኔ፣ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ቢሆንም፣ ጫፉ ቀርቧልና እንጨርሰው ባይ ነበርኩ። ባለ በቅሎው ግን አንድም ቃል ሳይመልስልኝ በቅሎዋን ወደ ቁልቁለት አዞረና «እመቤቴ፣ ዛሬ ይውረዱ፤ ነገ ይወጡታል» አላት። ማታ ውኃ አፍልቶ በኮዳ ሞላና በገዛ ፎጣው ጠቅልሎ ከእግሯ ሥር አኖረላት፤ ያልወጣንበትን ቀን ሒሳብም አልቀበልም አለ። በማግስቱ ባይሆንም፣ ከሁለት ቀን በኋላ እንዳለው ወጣችው።

ቀይ ቀበሮ ያየነው በ2010 ብቻ ነው፤ እሱ እጁን ከፍ አድርጎ ባያስቆመን ኖሮ ያንንም ባላየን ነበር። ጅብራ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚደርቅ የነገረንም እሱ ነው፤ በ2007 ገና ቅጠል ብቻ ሳለ ያሳየን አንዱ፣ በ2015 ስንመለስ አገዳው ደርቆ ቆሞ ጠበቀን። ከሁለቱ በቅሎዎቹም በጦርነቱ ሰሞን አንዷ ጠፍታበት ስለነበር፣ በዚያ ጉዞ ጓዛችንን የተሸከመችው የቀረችው አሮጊቷ ናት።

ዋጋውን ከመነሻው ቁርጥ አድርጎ ይናገራል፤ መንገድ ላይ ጭማሪ አይጠይቅም። ጨዋታ ለሚወድ ሰው ዝምታው ሊከብድ ይችላል፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መቀስቀሱንም እኛ እስካሁን አልለመድነውም። ጋቢ ብቻውን ስለማይበቃ ወፍራም ካፖርት ያዙ። ስልኩን ለሚፈልግ፣ እሱን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልካለሁ፤ ተራራ ላይ ሲሆን ኔትወርክ ይጠፋልና፣ ካላነሣ ማታ ደግማችሁ ሞክሩት።