የድሮ ሌንሳችሁ ጭጋግ ለያዘባችሁ፦ ምስጋናና ጥቆማ

በቸርችል ጎዳና አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ካሜራ የሚጠግኑ አንድ አንጋፋ ባለሙያ አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እዚህ ጋሼ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። ላደረጉልኝ ሁሉ ከልብ እያመሰገንኩ፣ የድሮ ሌንስ ያላችሁ ሁሉ እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ።

ሁለት ሌንሶች ይዤላቸው ሄጄ ነበር። አንደኛው ከአባቴ ዜኒት ካሜራ ጋር የኖረ፣ ሶቪየት ሠራሽ የሆነው ባለ 58 ሚሊሜትር ሄሊዮስ 44-2 ነው። ላይ ላዩን ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ ብርሃን ፊት ለፊት ሲመጣበት ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና ፎቶው በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል።

ጋሼ ካቻቪቴ ከማንሣታቸው በፊት የብርሃን መክፈቻውን እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ ከኋላ በኩል አጋድመው አበሩበትና እኔም እንዳይ ጋበዙኝ። በመክፈቻው ምላጮች ፊትና ኋላ ባሉት መስታወቶች ላይ ስስ ጭጋግ ተኝቷል፤ በአንደኛው ጠርዝ ደግሞ ቅርንጫፍ ያወጡ ነጫጭ የሻጋታ ክሮች ይታያሉ። ጭጋጉ በትኩረት ቀለበቱ ውስጥ ያለው ግራሶ ሲያረጅ የሚለቀው ዘይት ተንኖ መስታወቱ ላይ በማረፉ የመጣ መሆኑን፣ ሻጋታው ግን ሌንሱ እርጥበት በሚይዝ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ተዘግቶ ክረምት በማሳለፉ የበቀለ መሆኑን አስረዱኝ።

ከመፍታታቸው በፊት የቀለበቶቹን አቀማመጥ በእርሳስ ምልክት አደረጉበት፤ ምክንያቱም የቀለበቶቹ ጥርስ ሲመለስ ከቦታው ውጭ ከገባ ሌንሱ የሩቁን ነገር አጥርቶ ሊያሳይ አይችልም። መስታወቱን በአልኮል በነካ ጥጥ ከመሃል ወደ ዳር ብቻ እየጠረጉ፣ ለእያንዳንዱ ጠረጋ ጥጡን ይቀይሩ ነበር። ምላጮቹን ከዘይት አጽድተው አሮጌውንም ግራሶ በአዲስ ተኩ፤ መስታወቱ ብቻ ተጠርጎ ቢተው ጭጋጉ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም ነበርና። ሻጋታው ቢነሣም የሚያመነጨው አሲድ የመስታወቱን ሽፋን በጥቂቱ በልቶታል። ጋሼ ይህን አልሸሸጉኝም፤ ያንኑ ባትሪ አብርተው የቀረውን ምልክት አሳዩኝ። በፎቶው ላይ ግን እስካሁን አላየሁትም፤ ጥቁሩም ጥቁር ሆኖልኛል።

ከሁሉም በላይ እንዳከብራቸው ያደረገኝ የሁለተኛው ሌንስ ጉዳይ ነው። ጠርዙ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ብዥታ ነበረበት። የተጣበቁት ሁለት መስታወቶች ማጣበቂያቸው፣ ማለትም የካናዳ ባልሳም የሚባለው የዛፍ ሙጫ፣ አርጅቶ እየለቀቀ በመሆኑ በጠረጋ እንደማይጠፋ፣ አላቅቆ መሃል ለመሃል አስተካክሎ እንደገና ማጣበቅም ከሌንሱ ዋጋ በላይ እንደሚያስወጣ ነግረውኝ፣ ሳይፈቱት መለሱልኝ። ለምርመራው ልክፈል ብላቸውም አሻፈረኝ አሉ። ሥራውን የሚያውቅ ብዙ ሰው ሊኖር ይችላል፤ መንካት የሌለበትን ለይቶ እጁን የሚሰበስብ ባለሙያ ግን በቀላሉ አይገኝም። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ሌንስ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ከሐምሌ በፊት ከቆዳ ማኅደሩ አውጥታችሁ በሚገባ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት። ጭጋግ ካያችሁበት ራሳችሁ ሳትፈቱት ወደ ጋሼ ውሰዱት፤ ስልካቸውን በፈቃዳቸው ለጠየቀኝ ሁሉ በውስጥ መስመር እልካለሁ።