ያገለገለ የኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት ልትገዙ ያሰባችሁ የጎንደር ነጋዴዎች፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

የመተማ ሰሊጥ መግባት ሲጀምር ደላላውም አብሮ ይገባል። ዘንድሮ ይዞት የመጣው ያገለገለ የኤሌክትሪክ ፎርክሊፍት፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ጭነት ማንሻ መኪና ነው። «ናፍጣ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ በዓመት ዋጋውን ይመልሳል» እያለ አዘዞ አካባቢ ባሉ መጋዘኖች ሲዞር ከርሟል። ሥራዬ የመጋዘን ኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ አንድ ነጋዴ የገዛውን ከፍቼ አይቻለሁ። ሌላ ሰው ሳይከፍል ይድረስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወሬው ሁሉ ውሸት አይደለም። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ፣ ባትሪው ደህና የሆነ ፎርክሊፍት ጭሱን በእርግጥ ይቀንሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ በዝግ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ጥቀርሻው እህሉም ላይ፣ የሠራተኛው ሳንባም ላይ ነው የሚያርፈው። ማጭበርበሩ ያለው ባትሪው ላይ ነው።

ያየሁት ማሽን አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ባትሪው የእርሳስ አሲድ ነው፤ ባለ 48 ቮልት፣ 24 ሴል (የባትሪው ክፍል)፣ 600 አምፒር ሰዓት፣ ማለትም 28.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ተብሎ የሚሸጥ። እንዲህ ያለው በደህና ቢያዝ 1,500 ጊዜ ያህል ቻርጅ ተደርጎ ያረጃል። ይሄኛው መቼ እንዳለቀ እንጃ! ሌሊቱን ቻርጀር ላይ አድሮ ረፋድ ላይ ሰሊጡን እንደተሸከመ ይቆማል። የገባው ኃይል የት ሄደ? ሙቀት ሆኖ ነዋ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጀነሬተር ቻርጅ ይደረጋል፤ ናፍጣ አይጠጣም የተባለው ማሽን በጓሮ በር ዞሮ ይጠጣል። ወጪውም ጭሱም ከድሮው ባሰ።

ሻጩ ቮልት መለኪያ ያወጣና «ይኸው፣ 50 ቮልት» ይላችኋል። አትመኑት፤ ቻርጅ ተደርጎ የተቀመጠ ያረጀ ባትሪም ጭነት ከሌለበት እንዲሁ ነው የሚያሳየው። ሙሉ ጭነት አሸክሙና ከፍ ያድርግ፤ ቁጥሩ እስከየት እንደሚወርድ ያኔ ታያላችሁ። የእያንዳንዱንም ሴል አሲድ በሃይድሮሜትር (የአሲድ ጥግግት መለኪያ) አስለኩ። ሙሉ ቻርጅ ላይ 1.28 አካባቢ መሆን አለበት፤ አንዱ ከሌሎቹ በ0.03 ካነሰ ያ ሴል ጤና የለውም። ክዳን አላስከፍትም ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት።

«ችግር የለም፣ በኋላ ሊቲየም ባትሪ ትገጥሙበታላችሁ» የሚሉም አሉ። ይሄ ይባስ አደገኛ ነው። ከባዱ የእርሳስ ባትሪ ራሱ ከኋላ የማሽኑ ሚዛን ነው፤ ማሽኑ ላይ በተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ ዝቅተኛው የባትሪ ክብደት የሚጻፈው ለዚህ ነው። ሊቲየም ቀላል ስለሆነ ጉድለቱ በክብደት ካልተሟላ ፎርክሊፍቱ ጭነት ሲያነሳ ወደ ፊት ይደፋል። ሰው ይገድላል።

ቻርጀሩ ብዙ ጊዜ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ይፈልጋል፣ ቆጣሪያችሁን እዩ። ትንንሽ ድፍን ጎማ ያለው ለሊሾ ወለል እንጂ ለኮብልስቶንና ለጠጠር ግቢ አይሆንም።

የዚያ ነጋዴ ውል ላይ «ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ አሁን ሻጩ ስልክ አያነሳም። እሷን አስወጡና በምትኩ ባትሪው የተመረተበት ዓመት፣ በሙሉ ጭነትም ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይጻፍ። ቀሪውን ክፍያ ማሽኑ በእናንተው መጋዘን ሙሉ ቀን ሲያነሳና ሲያወርድ ከዋለ በኋላ ስጡ።